«እራቱ ገና ሳይደርስ ሆዴን ባር ባር ይለኛል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 44 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴ ወላጆች ጋር ለሰባት ቀን ዕረፍት እንወጣለን። ከተጋቡ 50 ዓመት ስለሚሞላቸው አንዱን ምሽት ለየት ያለ እራት እንጋብዛቸው ተባባልን። ቦታ መምረጡ እንደተለመደው እኔ ላይ ወደቀ። ችግሩ ልጆቼ ናቸው። ወንዱ 13 ዓመቱ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚበላው በጣት ይቆጠራል። ሱጎ ያልነካው ፓስታ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ሲቀናን ዶሮ። ሴቷ 16 ነች፤ ከስድስት ወር ወዲህ ሥጋ አልበላም ብላለች፣ ሥጋ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ መቀመጡም ይከብዳታል። አምና እንዲሁ ለዕረፍት ወጥተን የባለቤቴ አባት ለሁላችንም አንድ ዓይነት ምግብ አዘዙ። ልጁ ሁለቴ ጎርሶ አቅለሸለሸው። «ይሄን ልጅ አሞላቃችሁ አበላሻችሁት፤ በእኛ ጊዜ የቀረበልህን ነበር የምትበላው» አሉ። እህቱ ለእሱ ልትከራከር ተነሳች፣ ድምጿም ከፍ አለ። ባለቤቴ ዝም አለ። እናቱ «እኔ ምንም አልፈልግም፣ እናንተ ብቻ ደስ ይበላችሁ» ይላሉ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ዘንድሮ ይሄ እንዳይደገም ሦስት ሳምንት ሙሉ የምግብ ቤት ሜኑ ሳነብ ከረምኩ። ሁሉንም የሚያስደስት ቦታ እንዴት ነው የሚመረጠው? ልጁንስ ለአንድ ቀን እንኳ ላስገድደው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ መልሱ አጭር ነው። አታስገድጂው።

ይሄን የምልሽ ለልጁ ስላዘንኩ ብቻ አይደለም። ማስገደድ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤሚ ጋሎዌይ፣ ሊያን በርችና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት አለ። ገና ለትምህርት ያልደረሱ ሕፃናት ሾርባ ይቀርብላቸዋል። አንዳንዴ አጠገባቸው ያለው ሰው «እባካችሁ ሾርባችሁን ጨርሱ» እያለ ይደጋግምባቸዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይላቸው ይተዋቸዋል። ብዙ የጠጡት ሲተዋቸው ነው። ጨርሱ ሲባሉ ሾርባውን ማጣጣልም አበዙ። ልብ በዪ፣ እዚህ ላይ ግፊት የተባለው ቁጣ ወይም ዱላ አይደለም። «እባካችሁ» የሚል ቃል ነው። በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አሜሪካውያን የኮሌጅ ተማሪዎችን በልጅነታችሁ ተገዳችሁ የበላችሁት ነገር ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ነበር አሉ። ከእነሱ ውስጥ 72 በመቶው ያንን ምግብ ዛሬም በፈቃዳቸው አይነኩትም። እንግዲህ አስቢው፣ አምና የቀረበው ሳህን ለልጅሽ ምን ሆኖ እንደቀረ።

በ13 ዓመት ደግሞ እልህ ይጨመርበታል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በእጁ ያለው ነገር ትንሽ ነው። ትምህርት ቤቱን አልመረጠም፣ የዕረፍቱን ቦታ አልመረጠም፣ ከማን ጋር አንድ ክፍል እንደሚተኛ እንኳ አልተጠየቀም። አፉ ግን የራሱ ነው። እዚያ ላይ ከገጠምሽው ይገጥምሻል፣ ደግሞም ያሸንፋል።

«ተሞላቋል» ለሚለውም መልስ አለኝ። አዲስ ምግብ መፍራት በሥነ ልቦና የታወቀ ነገር ነው። አብዛኛው ልጅ ላይ ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ይበረታል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃል። አንዳንዱ ላይ ግን አይለቅም። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ከ8 እስከ 11 ዓመት የሆናቸውን ከ5,000 በላይ መንትያ ጥንዶች ተመልክቶ፣ ልጆች በዚህ ፍርሃት ከሚለያዩበት ልዩነት 78 በመቶ ያህሉ ከውርስ ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ነገሩ ከእናንተ አስተዳደግ ይልቅ ከደማችሁ የመጣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ምናልባትም ከባለቤትሽ ወገን። (ይቺን ግን እራቱ ላይ እንዳታነሺያት።)

ምላስም ከሰው ሰው ይለያያል። በ1931 አርተር ፎክስ የሚባል ኬሚስት ሲሠራ አንድ ዱቄት ቦነነበት። አጠገቡ የነበረ ባልደረባው ይመራል ብሎ አማረረ። ፎክስ ምንም አልተሰማውም። ተከራከሩ፣ ሁለቱም ቀመሱት፣ ለአንዱ መራራ ለሌላው ጣዕም የለሽ ሆኖ ቀረ። ኋላ ነገሩ ሲጠና ሰውን የሚለየው የተወለደበት ምላስ መሆኑ ታወቀ። የልጅሽ ችግር መራራነት ይሁን የምግቡ ልስላሴና ሽታ ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም። ግን አያትየው «ይሄ እኮ ይጣፍጣል!» ሲሉ እንደማይዋሹ ሁሉ፣ ልጁም አልቻልኩም ሲል አይዋሽም። አንድ ሳህን ላይ ሁለት እውነት አለ።

ትንሽ ቆም ልበል። ምግብ መምረጥ ሁሉ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። ልጁ ክብደቱ ከቀነሰ፣ እንደ እኩዮቹ ካላደገ፣ ምግብ በተነሳ ቁጥር የሚጨነቅ ከሆነ፣ ወይም ምግብ አለ ብሎ የጓደኛ ልደትና የትምህርት ቤት ጉዞ የሚቀር ከሆነ ሐኪም ይየው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ይህን ዓይነቱን ምግብን የመሸሽና የመገደብ ችግር ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል፣ ሕክምናም አለው። ስለ ልጅቷም አንድ ነገር ልበል። በ16 ዓመት ሥጋ መተው አብዛኛውን ጊዜ የኅሊና ጉዳይ ነው፣ ልታከብሪላት ይገባል። ግን ከሥጋው ጋር ዳቦው፣ ዘይቱ፣ እራቱም አብሮ እየቀረ ከሆነ፣ ከበላች በኋላ ቶሎ መታጠቢያ ቤት የምትገባ ከሆነ፣ ስለ ሰውነቷ ክፉ የምታወራ ከሆነ፣ ይሄ ሌላ ጨዋታ ነው። ዕረፍቱ እስኪያልፍ አትጠብቂ። ያየሽው ነገር ከሌለ ደግሞ አትሰልዪያት፣ እንዳላየ ሁኚ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ልጅሽ ምግብ በዝርዝር ጽፈሻል፣ ስለ ልጅቷም እንዲሁ። ባልሽን ግን በሦስት ቃል ነው ያለፍሽው፦ «ባለቤቴ ዝም አለ።» እኔ የቆምኩት እዚያ ላይ ነው። መታጠቢያ ቤት ያስገባሽ ልጁ አለመብላቱ አይመስለኝም። እቤት ስንት ቀን አልበላም ሲል አላለቀስሽም። ያስለቀሰሽ «አበላሻችሁት» የምትለዋ ቃል ነች። በብዙ ቁጥር ብትነገርም አንቺ የሰማሻት በነጠላ ነው፤ «አበላሽሽው» ሆና ነው የገባችው። የገዛ አባቱ ያንን ሲናገሩ ባልሽ አፉን ስላልከፈተ፣ ክሱ ላንቺ ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እራት ፈተና ሆኖብሻል። ሦስት ሳምንት ሜኑ የምታነቢው ምግብ ፍለጋ አይደለም። ማንም እንደገና እንዳይከስሽ መሸሸጊያ እየፈለግሽ ነው። ያንን ደግሞ የትኛውም ሼፍ አያበስልልሽም።

ስለዚህ ከቦታው በፊት የሚስተካከል ሥራ አለ፣ ሥራው ደግሞ የባልሽ ነው። አባቱን የሚያናግረው እሱ ነው። አንቺ አይደለሽም። ምራት ስትናገር ነቀፋ ሆኖ የሚሰማ ነገር ልጅ ሲናገረው ልመና ሆኖ ይሰማል፤ ይሄን በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ። የሚለውም ረጅም መሆን የለበትም፦ «አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ልጁ ምግብ ላይ ያለውን ችግር እየተከታተልን ነው። እራቱ ላይ ስለሚበላው ነገር ማንም ባያነሳበት ደስ ይለኛል። እርስዎ አጠገብ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ምን በላ የሚለውን ለእኔ ይተዉልኝ።» በቃ። ማብራሪያ አያብዛ፣ ጥናት አይጥቀስ። አባትየው ቢያጉረመርሙም ችግር የለውም። ያጉረምርሙ፣ ግን ከእራቱ በፊት ያጉረምርሙ።

እሳቸውንም ጨካኝ አድርገሽ እንዳታያቸው አደራ። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ያደጉት ምግብ ሲገኝ እንጂ ሲመረጥ በማይበላበት ቤት ነው። ለእሳቸው ለሁሉም ማዘዝ ስጦታ ነው። ሳህኑ ሲመለስ ስጦታው ተመለሰባቸው፣ የተሰማቸው ንቀት ነው። ሰው ሲናቅ ደግሞ ዙሪያውን አይቶ አቅም የሌለው ላይ ነው የሚጮኸው። እንግዲህ ማዘዙን ከእጃቸው ስትወስዱባቸው ባዶ እጃቸውን አታስቀሯቸው። ሌላ የሚሰጡት ነገር ይኑራቸው። ምን የሚለውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁሉንም የሚያስደስት ቦታ እንዴት ይመረጣል ላልሽው፣ አይመረጥም። እንደዚያ ዓይነት ቦታ የለም። ስድስት ሰው፣ ሦስት ትውልድ፣ አንዱ ሱጎ የማይነካ፣ አንዷ ሥጋ የማታይ። ኧረ ለሁለት ሰውም አይገኝም። ሄርበርት ሳይመን የሚባል፣ በ1978 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመ ሊቅ፣ ሰው ሁልጊዜ ከሁሉ የተሻለውን ሳይሆን «ይሄ ይበቃል» የሚያስብለውን እንደሚመርጥ፣ ይህም ስንፍና ሳይሆን ብልሃት እንደሆነ ሲጽፍ ኖሯል። መለኪያሽን ቀይሪው። «ሁሉም የሚወዱት» የሚለውን ሰርዢና «ማንም ተጎድቶ የማይነሳበት» በዪ። ሲያዩት ዝቅ ያለ መለኪያ ይመስላል። በአምናው እራት ለክቺው እስቲ።

ደግሞ ተጠንቀቂ፣ ቤተሰባችሁ ውስጥ ከልጁ የባሰ አደጋ አለ። ይሉኝታ። ጄሪ ሃርቪ የሚባል የማኔጅመንት ፕሮፌሰር በ1974 የጻፈውን ታሪክ ልንገርሽ፣ የእናንተን ቤት አይቶ የጻፈው ነው የሚመስለው። ቴክሳስ ውስጥ ኮልማን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሆነበት ከሰዓት፣ እሱ፣ ሚስቱና የሚስቱ ወላጆች ቤታቸው ቁጭ ብለው ዶሚኖ ይጫወታሉ። ማራገቢያ አለ፣ ቀዝቃዛ ሊሞኔድ አለ፣ ሁሉም ተመችቷቸዋል። በድንገት የሚስቱ አባት አቢሊን የምትባል ከተማ ሄደን እራት እንብላ አሉ። ሚስቱ ጥሩ ሐሳብ ነው አለች። እሱ በልቡ በዚህ ሙቀት 85 ኪሎ ሜትር መንዳት ምን የሚሉት ነው እያለ፣ እናትሽ ከፈለጉ እኔ ደስ ይለኛል አለ። እናትየው እንዴታ፣ እፈልጋለሁ እንጂ አሉ። ማቀዝቀዣ በሌለው መኪና አቧራ እየቃሙ ሄዱ፣ የማይረባ ምግብ በሉ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ደክሟቸው ተመለሱ። ዝም ዝም ሲሆንባቸው ሃርቪ ጥሩ ጉዞ ነበር አይደል አለ። ያኔ እናትየው ተናገሩ፤ እኔ እኮ እናንተ ስለገፋፋችሁኝ ነው እንጂ ቤት ብቀመጥ ይሻለኝ ነበር። ሚስትየውም እንደዛው። አባትየውም፣ ሐሳቡን ያመጡት ራሳቸው፣ የሰለቻችሁ መስሎኝ ነው እንጂ እኔስ መሄድ አልፈለግኩም አሉ። አራት ጤነኛ ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ ማንም ያልፈለገው ቦታ ደርሰው መጡ።

እኔ በልጁ ዓይነት ሰው ብዙም አልሰጋም። ልጁ ቢያንስ የማይፈልገውን ይናገራል። የምሰጋው «ምንም አልፈልግም፣ እናንተ ብቻ ደስ ይበላችሁ» በሚሉት በአማትሽ ነው፣ ባንቺም ጭምር። ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚፈልጉ ያልታወቁት ሁለቱ ሰዎች እናንተ ናችሁ። አንቺ በደብዳቤሽ ሁሉ ምን መብላት ደስ እንደሚልሽ አንድ ቃል አልጻፍሽም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ «የት እንብላ?» ብለሽ አትጻፊ። ሰው ፊት ሲጠየቅ ሁሉም ይሉኝታ ይይዘዋል፣ ጎረምሳው ደግሞ «አላውቅም» ይላል። አንድ በአንድ፣ ለብቻ ጠይቁ። አንቺ ልጆቹን፣ ባልሽ ወላጆቹን። ጥያቄው ደግሞ ምን ትፈልጋለህ አይሁን። «ምን ካለ ነው እዚያ መቀመጥ የሚያስጠላህ?» ይሁን። ሰው የሚፈልገውን ለመናገር ያፍራል፣ የሚጠላውን ግን ቶሎ ያገኘዋል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ እምቢታ ስጡት፣ አንድ ብቻ፣ የማይሻር። ልጁ «የማላውቀው ነገር ሳህኔ ላይ እንዳይደረግብኝ» ሊል ይችላል። ልጅቷ «ሙሉ የተጠበሰ እንስሳ ጠረጴዛው መሀል እንዳይቀርብ» ልትል ትችላለች። አያትየው ደግሞ፣ እወራረዳለሁ፣ ስለ ምግብ ሳይሆን «ሙዚቃ የሚጮህበት ቦታ አልወድም» ይላሉ። አማትሽን ባልሽ አጥብቆ ይጠይቃቸው። ምንም አልፈልግም ካሉ፣ «እማማ፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት ካለውና ከጸጥተኛው የአትክልት ቦታ የቱን እንተው?» ብሎ ሁለት ነገር ያስቀምጥላቸው። ባዶ ጥያቄን መግፋት ይቀላል፣ ከሁለት አንዱን ግን ሰው ሳያስበው ይመርጣል። አንቺም እምቢታሽን ጻፊ፣ ለባልሽም አሳዪው።

ከእምቢታዎቹ የተረፉትን ሦስት ቦታ ያዢ። ከሦስቱ የሚመርጡት ባለ ቀኖቹ ናቸው፣ አያትና አያት። 50 ዓመት አብረው የኖሩት እነሱ ናቸው። ለልጆቹም በግልጽ ይነገራቸው፤ ይህ እራት የእናንተ አይደለም፣ የእነሱ ነው፤ የእናንተ ድርሻ መገኘት ነው፣ መብላት በራሳችሁ ፈቃድ። ታዳጊዎችን ብዙዎች ይህን አይረዱም ብለው ይንቋቸዋል። ተራው የማን እንደሆነ በግልጽ ሲነገራቸው ግን የሚገርም ፍርድ አዋቂዎች ናቸው። ችግር የሚመጣው «ለሁላችን ነው» ተብለው ተጠርተው በአያት ምርጫ ሲመዘኑ ነው።

ቦታው ከተወሰነ በኋላ ሜኑውን ለልጆቹ ስልካቸው ላይ ላኪላቸው፣ በራሳቸው ጊዜ ይዩት። የማያውቁት ነገር ፊት ለፊት፣ አስተናጋጅ ቆሞ፣ አያት እያዩ መምረጥ ለእንደ ልጅሽ ዓይነት ልጅ ጭንቅ ነው። ከዚያ ወደ ምግብ ቤቱ ደውይ፤ ፓስታ ያለ ምንም ነገር ለአንድ ሰው ማድረግ ትችላላችሁ ወይ በይ። ይህን የሚጠይቅ የመጀመሪያ ሰው አትሆኚም። ካልቻሉም ዓለም አይገለበጥም፣ ልጁ ክፍሉ ውስጥ በልቶ ይምጣና እዚያ ዳቦና ጣፋጭ ይበላል። ኤሊን ሳተር የምትባል የሥነ ምግብና የቤተሰብ ባለሙያ የምትለው አንድ የሥራ ክፍፍል አለ፣ እኔም ብዙ ወላጆችን ያሳረፍኩበት ነው። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት የሚለው የወላጅ ነው፤ መብላት አለመብላቱና ምን ያህል የሚለው የልጁ ነው። አንቺ ሁለቱንም ሥራ ይዘሽ ነው ወገብሽ የተቆረጠው።

ቡፌስ? ትይኝ ይሆናል። ለመራጭ ልጅ ቡፌ ይመቻል፣ እውነት ነው። ለተለየ ምሽት ግን አልወደውም። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይነሳል፣ አያት ሳህን ይዘው ይሰለፋሉ፣ ማንም ሰው አንድ ወሬ አይጨርስም። ለተራው ቀን ቁርስ አስቀምጪው። ወይም ያረፋችሁበት ቤት ወጥ ቤት ካለው እዚያው ሁሉም አንድ አንድ ነገር ሠርቶ መብላት ይቻላል። ልዩ እራት ማለት ምግብ ቤት ማለት አይደለም።

ሰዓቱን አስቢበት። በጉርምስና የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ይገፋል፣ ልጆቹ ማምሸት ይወዳሉ። አያቶች ደግሞ አምሽተው ከበሉ እንቅልፋቸው ይቃወሳል። እኔ ብሆን ለአያቶቹ አደላለሁ፣ በጊዜ ሂዱ። በጊዜ የተሄደ ምግብ ቤት ባዶ ነው፣ ባዶ ከሆነ ጸጥ ይላል፣ ጸጥታው ደግሞ ከምግቡ ይበልጣል። ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚጠፋበት ቀጫጭኑ ድምፅ ነው፣ ጫጫታ ውስጥ ቃላት ይደባለቁበታል። ሳይሰማ ሲቀር ወይ ፈገግ ብሎ ዝም ይላል ወይ ጮክ ብሎ ይናገራል። ብዙ ጊዜ «ተቆጡ» የምንላቸው አያት አልሰሙም እንጂ አልተቆጡም። ጥግ ጠረጴዛ ያዢ፣ ከድምፅ ማጉያ የራቀ፣ ጀርባቸው ወደ ግድግዳ። አንዲት ሴት ለእንደዚህ ያለ እራት ሜኑ ሦስት ሳምንት ከምታነብ ደውላ ስለ ወንበርና ስለ ድምፅ አምስት ደቂቃ ብትጠይቅ ይሻላል።

ደግሞ የመጨረሻው ቀን ማታ አታድርጊው። ሻንጣ አለ፣ ድካም አለ፣ የነገ ጉዞ አለ፣ ሰባት ቀን አብሮ የከረመ ቅሬታም አለ። አራተኛው ወይም አምስተኛው ቀን ጥሩ ነው። በዚያ ቀን ምሳ ቀለል ያለ ይሁን፣ ግን ጎረምሳ ርቦት እንዳይመጣ። የራበው ጎረምሳ ላይ የትኛውም ሥነ ልቦና አይሠራም።

አሁን ወደ አያትየው ስጦታ ልመለስ። አሜሪካ ውስጥ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ የሚባሉ ባለሙያዎች ልጆችን ስለ ቤተሰባቸው 20 ጥያቄ ጠየቁ። ወላጆችህ እንዴት እንደተገናኙ ታውቃለህ? እናትህ የት እንዳደገች ታውቃለህ? እንዲህ ዓይነት ነገር። ብዙ የሚያውቁት ልጆች ስለ ራሳቸው የተሻለ ግምት ነበራቸው፣ ሕይወታቸው በእጃቸው እንደሆነም የበለጠ ይሰማቸው ነበር። ይሄ ማለት ታሪክ ብታስጠኚው ልጁ ይጠነክራል ማለት አይደለም፤ ዱክ ራሱ ይህን ይላል። ዋናው ያ ታሪክ እየተነገረ አብሮ መቀመጡ ነው። ልጆችሽ ከእራቱ በፊት ለአያቶቻቸው የሚያቀርቧቸውን ጥያቄዎች ያዘጋጁ። ጨዋነት አያስፈልግም። መጀመሪያ ስትተያዩ ማን ማንን አልወደደም? የመጀመሪያው ጠብ በምን ነበር? አማት አስቸግራ ነበር? ልጅቷ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትቅዳው። (ስልክ የተከለከለበት እራት ስታቅጂ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ተይው። ሥራ የያዘ ስልክ አይረብሽም።) አያትየው የሚሰጡት ስጦታ ይሄው ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወሩ የልጁን ሳህን የሚያዩበት ዓይን አይኖራቸውም።

ልጁ የሚቀመጠው ከሳቸው ጎን ይሁን፣ ፊት ለፊት አይሁን። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው የሚያየው ሳህን ነው። እህቱን ከአያቷ ራቅ አድርጊያት፣ ጠበቃነቷን ለዚያች ማታ ታሳርፈው። አንቺ ደግሞ ከባልሽ ጎን ተቀመጪ። አምና የት ነበር የተቀመጥሽው? ከልጁ ጎን፣ አይደል?

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ቃል ሊያመልጣቸው ይችላል። ያን ጊዜ የሚናገረው ባልሽ ነው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በሳቅ ፊት፦ «አባባ፣ ይሄንን ለእኔ ትተውልኛል ብለን ነበር፤ ይልቅ ያንን ታሪክ ይጨርሱልን።» አንቺ ዝም። ልጁም ዝም። ካስፈለገ ልጆቹ ተነስተው አየር ወስደው እንዲመለሱ ከወዲሁ ተስማሙ፣ መነሳት ኩርፊያ እንዳይባል።

አወጣጡንም አዘጋጂ። ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በ1993 ሰዎችን እጃቸውን ሕመም እስኪሰማቸው በሚቀዘቅዝ 14 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ አስነከሩ። በሌላ ዙር ያንኑ 60 ሰከንድ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ 30 ሰከንድ ጨመሩበት፤ በዚያ 30 ሰከንድ ውሃው በአንድ ዲግሪ ብቻ ሞቅ ይላል። የቱን ትደግማላችሁ ሲባሉ ብዙዎቹ ረጅሙን መረጡ። ሰው የሚያስታውሰው ርዝመቱን ሳይሆን የከረረበትን ጊዜና መጨረሻውን ነው። ስለዚህ ሂሳቡ ሲመጣ ግርግር እንዳይሆን አስቀድማችሁ ጨርሱት። ጣፋጩን ሌላ ቦታ፣ እየተራመዳችሁ ብሉት። አይስክሬም የሚጠላ ትውልድ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ልጅሽም የሚበላው አንድ ዓይነት አይጠፋም።

ከዚህ ሁሉ መጀመሪያ የሚደረገው ግን የባልሽና የአባቱ ንግግር ነው፣ እሱም በዚህ ሳምንት፣ በስልክ ወይም ሁለቱ ብቻ ሆነው። «እዚያ ስንደርስ እነግረዋለሁ» ቢልሽ እሺ አትበዪው። እዚያ ስትደርሱ ሁላችሁም አንድ መኪና ውስጥ ናችሁ፣ ልጁ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማል።